ያረጀ ድራማ ሲነሳ አዲሱ ተመልካች በየት ይግባ? አንድ ክርና 31 ምላሾቹ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ላይ የለጠፍኩት እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ሌሊት ነው። (ልጥፉና ከሥሩ የተሰደሩት ምላሾች አንድ ላይ ክር ይባላሉ።) ጥያቄ ይባል እንጂ ጠብ ፍለጋ ነበር፤ አሁን ሳስበው አልክደውም። ያልኩት በአጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ የቆየ የሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ድራማ ለአዲስ ተመልካች እንደገና ሲሠራ የድሮውን ታሪክ ጠራርጎ መጣል አለበት። አዲስ ሰው የአያቶቹን የቤት ሥራ ሠርቶ እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ማስረጃ ብዬ የጠራሁት ዶክተር ሁ (Doctor Who) የሚባለውን ነው። ላላያችሁት፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ ኖቬምበር 23 ቀን 1963 የጀመረው ድራማ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰማያዊ የፖሊስ የስልክ ሳጥን በምትመስል መርከብ ጊዜንና ጠፈርን የሚያቋርጥ፣ ዶክተር የሚባል ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ሊሞት ሲል አካሉ ይለወጣል፤ ስለዚህ ተዋናይ ሲቀየር ድራማው አይቆምም። በ1989 ግን ቆመ። በ1996 በአንድ የቴሌቪዥን ፊልም ሊያስነሱት ሞከሩ፤ አልተነሳም። ማርች 26 ቀን 2005 ሲመለስ የመጀመሪያዋን ክፍል በእንግሊዝ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው አያት። የእኔ ሙግት፦ የ1996ቱ ያለፈውን ሁሉ ተሸክሞ መጥቶ ወደቀ፣ የ2005ቱ ረስቶት በረረ። ይህን ለጥፌ ተኛሁ።

ምላሽ 1 ቀልድ ነው። የልጥፌ ርዕስ «ዶክተር ሁን ማን አስነሳው» የሚል ስለነበር ሰውየው የእናቱ ምክር እዚህም ድረስ ተከትሎት የመጣ መስሎት ደንግጦ እንደገባ ጻፈ። ሕክምና እንዳልተማረ፣ ወደፊትም እንደማይማር አሳወቀን። ስለ ጠፈር የሚያውቀውን ግን በኋላ ተመልሶ እንደሚያዋጣ ቃል ገባ። እስከ መጨረሻው ጠበቅኩት። አላዋጣም።

ምላሽ 2 ላይ እውነተኛው ነገር ተጀመረ፤ ያውም በጨዋ ደንብ። ይቅርታውን አስቀድሞ የ2005ቱ ድራማ ምንም እንዳልረሳ አንድ በአንድ አስረዳኝ። በመጀመሪያዋ ክፍል ሱቅ ውስጥ ነፍስ ዘርተው የሚነሱት የፕላስቲክ ሰዎች ከ1970 የመጡ ናቸው። ሳጥኗ ያችው ሳጥን ናት። ሰውየውም ያው ሰው ነው። የተለየው መቼ ምን እንደተነገረ ነው። ዳሌክ የሚባሉት ዝነኛ ጠላቶች የታዩት በ6ኛው ክፍል ነው። እሱም አንድ ብቻ፣ በሰንሰለት የታሰረ። ሰውየው አካሉን እንደሚለውጥ አዲሱ ተመልካች ያወቀው በ13ኛው፣ ማለትም በዚያ ምዕራፍ መጨረሻ ክፍል ነው። የዶክተሩ ወገኖች ደግሞ ሁሉም በጦርነት አልቀዋል ተባለ። አየህ፣ አለኝ በራሱ አነጋገር፣ የእነዚያን ሰዎች የ26 ዓመት ሕግና ማዕረግ ማጥናት ቀረልህ፤ ሰውየው ሐዘንተኛ መሆኑን ብቻ ታውቃለህ። ሐዘን ደግሞ ማብራሪያ አይፈልግም።

መልስ አልነበረኝም። ላይክ አድርጌ አለፍኩ።

ምላሽ 3 የእኔ ደጋፊ ነው። ከደጋፊ ያውጣህ የሚባለው ይሄኔ ነው። የድሮው ሁሉ ካርቶን ነው፣ ግድግዳው ሲነኩት ይወዛወዛል፣ ዳሌክ የተባለው አስፈሪ ፍጡር እጁ የተደፈነ ቧንቧ መክፈቻ ጎማ ነው፣ ይሄን ለልጅ ማሳየት ልጅን መናቅ ነው አለ። ስለ ጎማው ልክ ነው። እውነትም የቧንቧ መክፈቻ ጎማ ነው። ምላሽ 4 ግን ወዲያው ተነስቶ፣ ጎማውን ያየው ትውልድ ነው የፈራው፣ ያንተን በኮምፒውተር የተሠራ ጭራቅ ማን ፈራ ብሎ ዘጋው። አጭር ነበር። ቀለል አድርጎ ነካውና ሄደ።

ምላሽ 5 ስለ 1996ቱ ፊልም ነው፤ ከክሩ ውስጥ ብዙ ከተማርኩባቸው አንዱ። ጸሐፊዋ ፊልሙን ከወደዱት ጥቂቶች አንዷ መሆኗን አስቀድማ ተናገረች። ቢሆንም የወደቀበትን ምክንያት አልሸሸገችም። ፊልሙ የሚከፈተው ተራኪ ስለ ፕላኔቶችና ስለ አሮጌ ጠላቶች ሲያወራ ነው። አዲሱ ተመልካች ከስሞቹ አንዱንም አያውቅም። ከዚያ ሲልቬስተር ማኮይን ያሳዩናል፤ የድሮው ድራማ ሲቋረጥ ዶክተሩ እሱ ነበርና። አዲሱ ተመልካች ዋናው ሰውዬ ይሄ ነው ብሎ ሲለማመደው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በጥይት ይመታል፣ ሆስፒታል ገብቶ ይሞታል፣ ፖል መጋን ሆኖ ይነሳል። ለነባሩ ተመልካች ይሄ ክብር ነው። ለአዲሱ ግን የተዋወቀው ሰው ገና ስሙን ሳይለምደው ተቀየረበት። እኔ ፊልሙ ያለፈውን ተሸክሞ ወደቀ ስል የነበረውን እሷ ያለፈውን ከበሩ ላይ ከመረው አለች። ያሳፍራል፤ የእሷ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ነው ምላሽ 6 የገባችው። የ13 ዓመት ልጅ እናት ናት። እናንተ ስትፋለሙ እኔ ቅዳሜ ማታ ከልጄ ጋር የማየው አጥቻለሁ፣ በቀጥታ ንገሩኝ፣ የትኛውን ክፍል ልክፈት አለች። ምላሽ 7 ከ2005ቱ መጀመሪያ ጀምሪ አለ። ምላሽ 8 ብሊንክ የምትባለውን የ2007 ክፍል አሳይያት አለ። ምላሽ 9 ከ1963 ጀምሮ በቅደም ተከተል አለ። ምናልባት ሌላ ሥራ የለው ይሆናል። ምላሽ 10 ሦስቱም ተሳስተዋል ብሎ የራሱን ሳይናገር ወጣ። እናቲቱ አመስግና ጠፋች። እኛም ረሳናት።

ስምንተኛው ስለ ብሊንክ ያለውን ላንሳው፤ በኋላ ያስፈልጋል። በዚያች ክፍል ዶክተሩ እምብዛም አይታይም። የምንከተለው ስለ እሱ ምንም የማታውቅ አንዲት ወጣት ሴት ነው። ጠላቶቹ የድንጋይ ሐውልቶች ናቸው። ስታያቸው ድንጋይ ናቸው፤ ዐይንህን ስትጨፍን ይንቀሳቀሳሉ። ይህን ለመረዳት አንድም የቆየ ክፍል ማየት አያሻም። ዐይን ያለው ሁሉ ይፈራል።

ምላሽ 11 ወሬውን ወደ ስታር ትሬክ፣ ወደ አሜሪካኖቹ የጠፈር መርከብ ድራማ ወሰደው። በ1966 በኤንቢሲ ጣቢያ ጀምሮ፣ ከሁለተኛው ምዕራፍ በኋላ ተሰርዞ፣ ተመልካቾች ደብዳቤ ቢያዘንቡበት ከሞት ተነሳ አለ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ምላሽ 12 ግን ደስታውን ቀነሰው። ሊሰረዝ ነው የሚል ወሬ ነበር እንጂ መሰረዙ አልታወጀም ነበር አለ። ደብዳቤው ሦስተኛ ምዕራፍ አስገኘ፤ ግን ድራማው አርብ ማታ 4 ሰዓት ላይ ተወሸቀ። ወጣቱ ሁሉ ከቤት ወጥቶ በሚያመሽበት ሰዓት ማለት ነው። በ1969 በ79 ክፍል አለቀ። እውነተኛው ትንሣኤ የመጣው በኋላ ነው፤ በ1970ዎቹ የአካባቢ ጣቢያዎች ደጋግመው ሲያሳዩት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይመጣል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲገባ ያገኘዋል። ከዘመቻ ይልቅ ልማድ ነው ያስነሳው አለ።

ያው 12ኛው በ1987 የመጣውን ተከታይ ድራማ ጨመረበት። መርከቧ ስሟ ያው ነው፣ ሰዎቹ ግን በሙሉ አዲስ ናቸው። ታሪኩ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል ወደፊት ሄዷል። ከድሮዎቹ በመጀመሪያው ክፍል የታዩት አንድ አረጋዊ ሐኪም ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 137፣ ለአፍታ መጥተው መርቀው ሄዱ። ከድሮዎቹ ዝነኛውን ስፖክን የሚያህል ሰው እስከ 1991፣ እስከ አምስተኛው ምዕራፍ ድረስ አላመጡትም። እስከዚያ አዲሶቹ በእግራቸው ቆመው ነበር። ይሄ ነገር ምላሽ 2 ስለ ዳሌኮቹ ካለው ጋር ልክክ ይላል። ያኔ ገባኝ። ያለፈውን መጣልና ያለፈውን ማቆየት ሁለት ነገር ነው። እኔ አንድ አድርጌ ነበር የጻፍኩት።

ልክ ይሄን ልጽፍ ስል ምላሽ 13 መጣ። ይሄኛው ሰላምታ አያውቅም። ሁላችሁም በር በር ትላላችሁ፣ በር እንጂ ሌላ ምንም ያልነበረውስ ድራማ አለ። ትዋይላይት ዞንን ማለቱ ነው። ከ1959 እስከ 1964፣ 156 ክፍል። እያንዳንዷ ክፍል ራሷን የቻለች ናት። የሚሸከሙት ያለፈ ታሪክ የለ፣ የሚታወስ ዘመድ የለ፣ ማንም ከየትም መግባት ይችላል። በእናንተ ሒሳብ እሱን ማስነሳት ከሁሉ መቅለል ነበረበት። ሦስት ጊዜ ተሞከረ፤ በ1985፣ በ2002፣ በ2019። የ2002ቱ አንድ ምዕራፍ፣ የ2019ኙ ሁለት ምዕራፍ ቆየ። የመጀመሪያው ሦስት ቢደርስም የቀድሞውን ያህል አልሆነም። እስኪ በራችሁን አሳዩኝ።

ምላሽ 14 የእኔ ነው። እንደገና ሳነበው አፈርኩ። እሱ የተለየ ዓይነት ነው ምናምን ብያለሁ። ተሸናፊ የሚናገረው ዓይነት ንግግር ነው። የ13ኛው ጥያቄ እስከ መጨረሻው የቆረጠ መልስ አላገኘም፤ ምላሽ 23 ላይ አንድ ሰው ትዋይላይት ዞን ማለት መክፈቻው ላይ ቆሞ የሚያናግረን ሮድ ሰርሊንግ ነው፣ ድምፁን ይዞት ሄደ ብሎ ነካ አድርጎት አልፏል። እኔም ከዚያ የተሻለ የለኝም።

ከምላሽ 15 እስከ 18 ያለው የጉድ ነው። ባትልስታር ጋላክቲካ። በ1978 አንድ ምዕራፍ ብቻ ቆይቶ የቀረ፣ በ2003 ደግሞ ከሥሩ ተፈልፍሎ እንደ አዲስ የተሠራ ድራማ። ድሮ ሳይሎን የሚባሉትን ማሽኖች የፈጠሩት ሌላ ፍጡራን ነበሩ፤ በአዲሱ የሰው ልጅ ራሱ ፈጠራቸው። ስለዚህ ጥፋቱ ወደ ቤት ገባ። ይሄ ሁሉ ቁም ነገር እያለ ምላሽ 15 ያነሳው ስታርባክን ነው። ድሮ ወንድ አብራሪ ነበር። በአዲሱ ሴት ናት፣ ካቲ ሳኮፍ የተጫወተችው። አስራ አምስተኛው ይሄ ማስነሳት ሳይሆን ስም መስረቅ ነው አለ።

አስራ ስድስተኛዋ ገባችበት። በሰውየው ወንበር ሴት መቀመጧ ከ20 ዓመት በኋላም እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ችግሩ ድራማው ላይ አይደለም አለችው። አስራ ሰባተኛው ሊያስታርቅ መጥቶ ከድጡ ወደ ማጡ ከተተው፤ ሴት ናት ብሎ ሳይሆን ስሟን ብቻ ቀይረው ቢያመጧት ማንም ባልተናገረ ነበር አለ። አስራ ስድስተኛዋ ስሙን ባይዙ ኖሮ አንተም ዞር ብለህ ባላየኸው ነበር ብላ መለሰችለት። አስራ ስምንተኛው ምን እንዳለ አልነግራችሁም። አወያዩ አጠፋው፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። ከመጥፋቱ በፊት አንብቤዋለሁ። መጥፋት ነበረበት።

በዚህ መሃል ነው ምላሽ 19 የደረሰው፤ አንጀቴን ያራሰኝ። የሪቻርድ ሃችን ታሪክ ነገረን። ሃች በ1978ቱ ድራማ አፖሎ የሚባለውን አብራሪ የተጫወተ ሰው ነው። ድራማው ከቀረ በኋላ ለዓመታት እናስነሳው እያለ ደጅ ጠና። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከራሱ ኪስ ጭምር አውጥቶ፣ ታሪኩን ከቆመበት የሚቀጥል አጭር ማሳያ ፊልም አሠራ። በየስብሰባው ይዞት ዞረ። አልተሳካለትም። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ሮናልድ ሙር፣ ታሪኩን ከዜሮ ሊሠራው ነው ተባለ። ሃች ተቃወመ። አፖሎ በሌላ ወጣት ተያዘበት። መራር ሰው ሆኖ መቅረት ይችል ነበር። ግን አዲሱ ድራማ ውስጥ ገብቶ ተጫወተ፤ ቶም ዛሬክ የሚባል፣ እስር ቤት ከርሞ ፖለቲከኛ የሆነ፣ የማይታመን ሰው። የድሮው ጀግና የአዲሶቹን ጀግኖች እንቅልፍ የሚነሳ ሆኖ መጣ። ነባሩ ተመልካች ሲያየው ልቡ ይሰነጠቃል። አዲሱ ተመልካች ደግሞ ጎበዝ ተዋናይ ብቻ ያያል፤ ምንም አልጎደለበትም። ሃች በ2017 ሞተ። 19ኛው ምንም አልደመደመም፤ ይህን ነግሮን ወጣ። አስራ አምስተኛውም ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

እኔ እዚህ ላይ ክሩን ብዘጋው ኖሮ ጥሩ ነበር። ክር ግን የሚዘጋ ነገር አይደለም።

ምላሽ 20 ከሜዳው ውጭ ሄደ፤ ግን ወደድኩት። ስለ ምስል ጥራት ነው። አዲስ ተመልካች ታሪክ ከማየቱ በፊት ምስሉን ያያል፣ የደበዘዘ ከሆነ በ2 ደቂቃ ውስጥ ሌላ ይከፍታል አለ። ከዚያ እንዲህ ሆነላችሁ፦ የ1960ዎቹ ስታር ትሬክ ከመቀረጽ እስከ መቆረጥ በፊልም ነው የተሠራው፤ ስለዚህ ፊልሙን እንደገና በጥራት መገልበጥ ይቻላል። የ1987ቱ ግን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጾ፣ ቆረጣውና የጠፈር ትዕይንቱ በቪዲዮ ካሴት ነው ያለቀው። ካሴቱ ደብዛዛ ነው። በ2012 በጥራት ሊያወጡት ሲነሱ የእያንዳንዱን ትዕይንት ዋናውን ፊልም ከየሳጥኑ ፈልገው፣ 178ቱንም ክፍል እንደ አዲስ ቆርጠው መስፋት ነበረባቸው። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁለት ተከታዮች፣ ዲፕ ስፔስ ናይንና ቮያጀር፣ በዚያው ዘዴ ተሠርተው ይህን ዕድል አላገኙም። አዲስ ተመልካች አልመጣም ስንል አንዳንዴ ምክንያቱ ይሄን ያህል ሜካኒካል ነው። (ለ1960ዎቹ ስታር ትሬክ በ2006 በኮምፒውተር የተሠራ አዲስ መርከብ ገብቶለታል። ለእኔ አይዋጥልኝም። የድሮዋ ሞዴል የእጅ ሥራ ክብደት አላት።)

ምላሽ 21 ሲመጣ ሁላችንም አንተ አንቺ መባባሉን ትተን እርስዎ አልን። ዕድሜያቸውን ጠቀሱ። በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የካሴት ክምችት ክፍል ሠርተዋል፤ የትኛው እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። በወጣትነታቸው ሥራቸው መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ማጥፋትም ነበር። ካሴት ውድ ነበር፣ ቦታም አልነበረም። ዝርዝር ይሰጣቸዋል፣ ካሴቱን ማሽን ላይ ያደርጋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ለነገ ቀረጻ ያዘጋጃሉ። ድራማ ሁለተኛ ይታያል ብሎ ማን ያስባል አሉ። ያጠፉትን አንዱን አስታውሰዋል፤ የሙዚቃ ዝግጅት ነበር፣ አሁን ቢኖር የሚሉት። እሳቸው ዘፋኙን ወደውት ነበር። አጠፉት።

ዶክተር ሁም እንዲሁ ሆኗል። ቢቢሲ ከ1960ዎቹ ክፍሎች ብዙውን አጥፍቷል፤ ወደ 100 የሚጠጉት ምስላቸው ጠፍቶ ኖሯል። ድምፃቸው ግን አለ። የሁሉም። ምክንያቱም ቤታቸው ቁጭ ብለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ በቴፕ ይቀዱ የነበሩ ተመልካቾች ነበሩ። ባለሙያው አጠፋ፣ ተመልካቹ አተረፈ። በዚያ ድምፅ ላይ አሁን አኒሜሽን እየተሳለ ይወጣል። በ2013 ደግሞ ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ውስጥ ከነበረ ክምችት 9 የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ተነገረ። ይህን የጨመረው ምላሽ 22 ነው። በዚያው ስለ መክፈቻው ሙዚቃ ገባ፦ ዜማው የሮን ግሬይነር፣ ድምፁ ግን የዴሊያ ደርቢሻየር ነው። በ1963 ሲንተሳይዘር በሌለበት፣ ቴፕ እየቆረጠች፣ እያፈጠነችና እያዘገመች ሠራችው። 2005 ላይ ሁሉም ነገር ሲቀየር ያ ዜማ አልተቀየረም፤ አለባበሱ ብቻ።

ምላሽ 23 ተቆጣ። ርዕሱ ስለ አዲስ ተመልካች ነው፣ እናንተ ስለ ሙዚየም ታወራላችሁ፣ የክሩ ባለቤት የት ሄደ አለ። የክሩ ባለቤት እዚሁ ቁጭ ብሎ እያነበበ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሙዚየሙ ተስማምቶኛል። ስለ ሰርሊንግ ድምፅ የተናገረውም በዚያው ቁጣው ውስጥ ነው፤ ሰው ሲናደድ አንዳንዴ ጥሩ ያስባል።

ምላሽ 24 ግን ክሩን ገለበጠው። ለ23ኛው መልስ ነው፤ ዒላማው ግን እኔ ነኝ። በትሕትና ጠየቀችን፦ የ1963ቱን የመጀመሪያ ክፍል ከእናንተ ውስጥ ስንታችሁ አይታችኋል? ዝምታ። ክፍሉ በዶክተሩ አይጀምርም አለች። ሁለት አስተማሪዎች አሉ፣ ባርባራና ኢያን። አንዲት ተማሪ ግራ አጋብታቸዋለች፤ አንዳንዱን ከአስተማሪዎቿ በላይ ታውቃለች፣ ሌላውን ተራ ነገር አታውቅም። ማታ ተከትለዋት ሄዱ። አንድ ግቢ ውስጥ የፖሊስ ሳጥን አገኙ። ገፍተው ገቡ። ውስጡ ከውጪው ይሰፋል። እኛም ከእነሱ ጋር ገባን። ከ42 ዓመት በኋላ ራስል ቲ ዴቪስ ሲያስነሳው ያደረገው ምንድን ነው? ሱቅ የምትሠራ ሮዝ የምትባል ልጅ አመጣ። በሥራ ቦታዋ ግራ የሚያጋባ ሰው ገጠማት። ተከተለችው። ሳጥን ውስጥ ገባች። ክፍሏ ስሟ ራሱ ሮዝ ነው። በአጭሩ የ2005ቱ ያለፈውን አልረሳም፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ደገመው። ረስተውት የነበሩት የ1996ቱ ሰዎች ናቸው። የመጨረሻውን ያስታውሳሉ፣ የመጀመሪያውን ግን አያስታውሱም።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ የለጠፍኩትን ላርመው አሰብኩ። ተውኩት። ስህተቱ ካልታየ ምላሾቹ ትርጉም ያጣሉ።

ምላሽ 25 ለ24ኛዋ ጉልበት ሰጣት። ያች የመጀመሪያ ክፍል ሁለት ጊዜ ነው የተቀረጸችው አለ። የድራማ ክፍል ኃላፊው ሲድኒ ኒውማን የመጀመሪያውን ቅጂ አይቶ ድገሙት አላቸው። ከጉድለቶቹ አንዱ ዶክተሩ ከልክ በላይ ክፉ መሆኑ ነበር። ፕሮዲዩሰሯ ቬሪቲ ላምበርትና ዳይሬክተሩ ዋሪስ ሁሴን እንደገና ቀረጹት፤ ሽማግሌው ዶክተር ትንሽ ለሰለሱ። የተላለፈው ኬኔዲ በተገደለ ማግሥት ስለሆነ በሚቀጥለው ሳምንት ከሁለተኛው ክፍል በፊት ደግመው አሳዩት። በሩ በመጀመሪያው ቀንም አስቸግሯል ማለት ነው።

ምላሽ 26 አንድ የሚያስቅ ነገር ጣለ። ቢቢሲ በ2023፣ ለ60ኛ ዓመቱ፣ ከ800 በላይ የዶክተር ሁ ክፍሎችን በራሱ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ በአንድ ላይ ሲያወጣ ያቺ የመጀመሪያዋ ታሪክ አልነበረችም። የመብት ጉዳይ። ያ ሁሉ ክፍል ክፍት ሆኖ መግቢያዋ ተዘግታ ነበር። ከዚህ የተሻለ ቀልድ በክሩ ውስጥ አልነበረም፤ ማንም አልሳቀም።

ምላሽ 27 ጨለምተኛ ነው። በ2024 ለአዲሱ ሸሪክ፣ ለዲዝኒ ፕላስ ሲባል ምዕራፉን እንደገና 1 ብለው ቆጠሩት፣ ታዲያ ምን ሆነ አለ። ሁለት ምዕራፍ አብረው ሠርተው በ2025 ሽርክናው ማብቃቱ ተነገረ። ቁጥር መቀየር በር መክፈት አይደለም፤ ውስጥ ስትገባ አሁንም የድሮ ጠላት ስም እየጠሩ ታምቡር ይመቱብሃል። እዚህ ላይ ትንሽ አጋኗል። ግን ባለ 24ቷ የተናገረችውን ከሌላ ጎን ያየው ይመስለኛል። ምላሽ 28 እና 29 ምርጥ ዶክተር ማን ነው ወደሚለው ገቡ። ያን እዘለዋለሁ። ምላሽ 30 ማስታወቂያ ነው።

ምላሽ 31 እናቲቱ ናት። የረሳናት፣ ባለ 6ቷ። ቅዳሜ አለፈ አለች። መጀመሪያ የ7ኛውን ምክር ተቀብላ የ2005ቱን ከፈተች። ልጇ እስከ ግማሹ በስልኳና በቴሌቪዥኑ መሃል ስትመላለስ ቆየች፤ የቆሻሻ በርሜሉ ሰው ሲውጥ ሳቀች፣ ከዚያ ይቀየር አለች። እናትየው ተስፋ ቆርጣ የ8ኛውን ሞከረች፣ ሐውልቶቹን። ስልኩ ተቀመጠ። ልጅቱ ትራስ አቀፈች። ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ያ በቪዲዮ ውስጥ ሆኖ የሚያወራው ሰውዬ ማነው? እናት ዶክተሩ እንደሆነ ነገረቻት። የቱ ዶክተር አለች። በቃ፣ ከዚያ ጀምረው ወደ ኋላም ወደ ፊትም እያዩ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቿ ይመጣሉ፤ ከሐውልቶቹ እንድትጀምርላቸው ልጅቱ አዛለች።

ችግሩ፣ አለች እናትየው፣ እኔ ነኝ። ልጄ ተኝታለች፤ እኔ ነኝ የኮሪደሩን መብራት ሳላጠፋ የማድረው። ሐውልት የሌለበት፣ ልጆቹንም የማያሰለች አንድ ክፍል ካላችሁ እስከ ቅዳሜ ንገሩኝ።